ሦስተኛዋ ድስት

ጥቅሉን ከፖስታ ቤት ያመጣልኝ ልጄ ዳዊት ነው። ከውጭ አገር የመጣ፣ በገመድ የታሰረ፣ ቴምብሩ የበዛ ጥቅል ነበር። ስፈታው ጨርቅ ወጣ፤ ጫፉ ያለቀ፣ ቀለሙ የለቀቀ የቆላ ሽርጥ። የኛ ሰው ወገቡ ላይ የሚያሸርጠው፣ ከሸዋ ሮቢት ገበያ የሚገዛው ያው ሰማያዊ መስመር ያለው ሽርጥ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፤ ዳዊት እየተረጎመ አነበበልኝ።

«የተከበሩ አቶ ተሰማ፣ አጎቴ ዮሴፍ ባለፈው ወር አርፏል። ይህ ጨርቅ ለእርስዎ እንዲላክ ተናዞ ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስበን አየነው። እናቴ የጠረጴዛ ልብስ ነው አለች፤ ባለቤቴ መጋረጃ ነው አለ። እባክዎ ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ።»

እኔ በልጆቼ ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ዕለትም አላለቀስኩም፤ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ዳዊት ግን ከማልቀስ ይልቅ በመሳቄ ደነገጠ። «አባባ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እንዲህ ስስቅ አይቶኝ አያውቅም።

ለዮሴፍ የእህት ልጅ መልስ ጽፌላታለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ለልጆቼና ማንበብ ለሚወድ ሁሉ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ጥፋት አለ። ልጆቼን «ጥፋትህን ሌላ ሰው ሳይናገረው ራስህ ተናገር» እያልኩ፣ አንዳንዴም በቀበቶ እያገዝኩ ነው ያሳደግኳቸው። ስለዚህ የራሴን መደበቅ አይገባኝም።

በደርግ ዘመን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ ውኃ የሚለማ የመንግሥት እርሻ ነበር። እኔ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ከፓምፕ መመሪያ ላይ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ቫልቩን ወደ ቀኝ አዙር» ማለት እችል ነበር፤ «እንደምን አደርክ» ማለት ግን አልችልም። ከዮሴፍ ጋር ያቀራረበንም ይኸው ነው። እሱም እንግሊዝኛ የሚያውቀው ከዚያው መመሪያ ነበር።

ዮሴፍ ከፖላንድ የመጣ የፓምፕ መካኒክ ነው። ያን ጊዜ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ብዙ ባለሙያ ይላክልን ነበር፤ አብዛኛው የቆላውን ሙቀት ሁለት ሳምንት ከቀመሰ በኋላ ለእረፍት ብሎ ወደ ደብረ ሲና ብርድ ይወጣል፣ በዚያው ይቀራል። ዮሴፍ ግን አምስት ዓመት ቆየ። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነበር።

አማርኛ ያስተማረችው የክበባችን ምግብ አብሳይ እትዬ ዘነቡ ናት። «አክብሮት ሲሆን አንቱ ይባላል» ብላ ነገረችው፤ ለሰው ብቻ መሆኑን ግን አልነገረችውም። እሱም ከውኃ ተሸካሚው አህያ ጀምሮ ሁሉንም አንቱ ይል ነበር። ሞተር ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ «ዛሬ ምን አስከፋዎት? ለምን አይነሡም?» እያለ ፓምፑን ሲለማመጥ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጠዋል።

አንድ የማትለየው አነጋገር ነበረችው። ሞተር ሲቆም ሁላችንም ወዲያው መፍረድ እንጀምራለን። አንዱ ናፍጣው ነው ይላል፤ ሌላው ባትሪው ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የኦፕሬተሩ የሰይድ ነው እላለሁ። ዮሴፍ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያነሣና «መጀመሪያ እንፍታው» ይላል። ይፈታዋል፣ እያንዳንዷን ብሎን በናፍጣ ያጥባል፣ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰይድ አይሆንም። ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር።

የክበባችንን ነገር ላስረዳ። አዳራሹ በቆርቆሮ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በወዲህ በኩል የክርስቲያን ድስት፣ በወዲያ በኩል የሙስሊም ድስት። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ በኛ በይፋት ጠብ አይደለም፤ ደንብ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ለእኛ ለክርስቲያኖቹ በግ አቅርቦ «የራሳችሁ ሰው ይረድላችሁ» ይለናል፤ እኛም እንዲሁ። ሁሉም ሰው ወገኑ ስለሚታወቅ የሚቸገር አልነበረም። ዮሴፍ እስኪመጣ ድረስ።

የመጀመሪያ ዕለት እትዬ ዘነቡ ጭልፋዋን ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

«የማንን ሥጋ ነው የሚበሉት?» አለችው።

ትንሽ አሰበና «የበሬ» አላት።

«በሬውን ማን ጠየቀዎት? ያረደውን ነው እንጂ!»

ነገሩ ወደ እርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ወደ ጓድ አስፋው ሄደ። ጓድ አስፋው ማንኛውንም ጥያቄ በደብዳቤ መመለስ የሚወድ ወጣት ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት ጻፈ፦ ጓድ ዮሴፍ ከሶሻሊስት አገር የመጡ በመሆናቸው ሃይማኖት የላቸውም፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት በወዲህ፣ አንድ ሳምንት በወዲያ ይበላሉ። ወረቀቱ ክበቡ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ዮሴፍም እንደታዘዘው አደረገ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ሙስሊሞቹ ሲሻገር «አፉን ታጥቧል ወይ?» ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እኛ ሲመለስ ሳህኑ ለብቻ ተቀመጠለት። በአራተኛው ሳምንት ወረቀቱ ሥር ቆሞ «ሽሮ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ምስር ሆነ ምግቡ። ሠራተኛው «ዓመቱን የሚጾም ኮሚኒስት» የሚል ስም አወጣለት። የደብራችን ቄስ ሳይቀሩ «እናንተ ሁዳዴ በረዘመ ቁጥር ታጉረመርማላችሁ፤ እምነት የሌለውን ያን ፈረንጅ እዩት!» ብለው ገሥጸውናል።

ሌላም ጉድ ነበረው። ከሥራ በኋላ ወንዶቹ ሁሉ ወንዝ ወርደን እንታጠባለን። ዮሴፍ ከነሱሪው ነው የሚገባው። በዚያ ሙቀት፣ ከነቀበቶው! ሲወጣም ርቆ ሄዶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ስለ ሱሪው ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ ቁስል አለው ይላል፤ ሰይድ ደግሞ ረጋ ብሎ «ጅራት ነው። ወላሂ፣ ሲቀመጥ አይታችሁታል? ወደ አንድ ጎኑ ነው የሚያጋድለው» ይላል። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ተቆጣኋቸው። ሲቀመጥ ግን እያየሁት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የውኃ መሳቢያው ቱቦ ተደፈነ። ዮሴፍ ቦዩ ዳር ተንበርክኮ ቁጥቋጦውን ሲመነጥር፣ የተንበረከከው ለካ የጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። ከኋላው ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን አከከ። ቀጥሎ ጉልበቱን መታ። ቀጥሎ በፖላንድኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ከዚያ ብድግ ብሎ እየዘለለ ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪውና የውስጥ ልብሱ በአንድ ላይ ቦዩ ውስጥ ገቡ።

ሁላችንም አየን።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የተገረዘ ነው! እኛ እኮ ስንት ነገር አሰብን!»

ያልገባው ሰው ካለ ላብራራ። በኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገረዛል፤ አለመገረዝ ነው የሚያሳፍረው። ከሱ በፊት የነበረው ፈረንጅ ያልተገረዘ መሆኑን ወንዙ ዳር የሚታጠብ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ባለሙያ ቢሆንም በልብ የሚያከብረው አልነበረም። ስለዚህ ያን ቀን ዮሴፍ በዓይናችን ከፍ አለ። አንዳንዱ አጨበጨበ።

እሱ ግን ባርኔጣውን ፊት ለፊቱ ይዞ፣ ጉንዳኑ እግሩን እየበላው፣ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ነበር። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ዓይኖቹ አንዳችንን ትተው ወደ ሌላችን ይሄዳሉ። ሊተኮስበት የቆመ ሰው መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰይድ ከወገቡ ሽርጡን ፈትቶ አሸረጠለትና (ሰይድ ከሥር ቁምጣ ነበረው) «በል ጉንዳኑን አራግፍ፣ ጋሽ ዮሴፍ» አለው። ዮሴፍ ሽርጡን ጨብጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሽርጥ ሌላ ሲለብስ አላየሁትም፤ አለቆች ሲመጡ እንኳ።

እርሱ ሽርጥ ሲለብስ ክበቡ በክርክር ተሞላ። «የተገረዘ ፈረንጅ ሙስሊም ካልሆነ ምን ይሆናል? አያቱ ቱርክ ነው» ይላል ሰይድ። «ምን ቱርክ አመጣብን? ስሙ ዮሴፍ፣ ዓመቱን የሚጾም፣ የተገረዘ! ይህ የኛ ነው» ትላለች እትዬ ዘነቡ። እሱን የጠየቀው የለም። እኔ ጠየቅሁት። «በልጅነቴ ታምሜ ሐኪም ቆረጠኝ፤ እናቴ ናት የነገረችኝ» አለና ወደ ፓምፑ ሄደ። ሲዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ወራት አለፉ። ባለቤቴ እናኑ ዳዊትን ወለደች። በስምንተኛው ቀን ገራዡ ሽማግሌ መጡ፤ ዘመድ ጎረቤት ነጠላውን አጣፍቶ ተሰበሰበ። ዮሴፍንም ጠርቼው ነበር። ሽርጡን አጥቦ፣ ከላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናዘዛለሁ። ሕፃኑን በጉልበቴ ላይ ይዤ እግሩን መያዝ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። በወንድነት ስብከት የሚደርስብኝ አልነበረም። ምላጩ ብልጭ ሲል ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «ይህን ሰውዬ ከዚህ አንሡልኝ፤ ሕፃኑን ይጥለዋል» አሉ። ዘወር ብለው ዮሴፍን «አንተ ና፣ ፈረንጁ። እጅህ የማይንቀጠቀጥ መካኒክ ነህ አሉ» አሉት። ትራስ ጉልበቱ ላይ ተደረገ፤ ሕፃኑ ትራሱ ላይ ተደረገ። ዮሴፍም ያዘው። ሥራው ተሠራ፤ ልጄ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ቅቤ በጣቷ አፉ ላይ አደረገችለት።

ዮሴፍ አልተነሣም። «ስንት ቀናቸው ነው?» አለ።

«ስምንት» አሉት።

«ስምንት» አለ። ቀና ብሎ ነጠላ የለበሱትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሕፃኑን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ «ውይ፣ ሆዱ ባባ! እንዲህ ነው እንጂ ሰው!» ብለው እነሱም አለቀሱ። ልጁም አለቀሰ። ያላለቀስነው እኔና ሽማግሌው ብቻ ነን።

በማግሥቱ መጋዘኑ በር ላይ ነገረኝ። አንድ ቤት ትዝ ይለዋል። በቀን መስኮቱ በመጋረጃ ተዘግቷል። ጫፉ መስመር ያለው ነጭ ኩታ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፤ አባቱ ትራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ትራሱ ላይ ሕፃን ወንድሙ አለ። እሱ አራት ዓመት ይሆነዋል። ዝም እንዲል ስኳር ሰጥተውታል።

«እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ወንድም የላትም ለኔ» አለ በዚያ አማርኛው። «ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ናት ያላት። ቤቷ ውስጥ እንደዚያ ያለ ልብስ የለም። አቶ ተሰማ፣ በስምንት ቀን የሚገርዝ ማን ነው?»

የአብርሃምን ነገር ነገርኩት፤ እኛም ከዚያው እንደወረስነው። «እናንተ አገር ግን…» ብዬ ሳልጨርስ «እኛ አገር አይሁዶች ብቻ» አለ።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። ሕፃን ሳለ ጀርመኖች አገሩን ይዘው ነበር። አይሁድ የሆነውን ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ፣ እየሰበሰቡ ይፈጁ ነበር። ወንዱን ለማወቅ ሱሪውን ያስወልቁታል። «ማንም እንዳያይህ፤ ካዩህ እንሞታለን» ብላ ነበር እናቱ ያሳደገችው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ማንም እንዳያየው ኖረ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ አላወቅህም?» አልኩት።

«ሞተር ውስጥ ኳ፣ ኳ የሚል ነገር አለ። እሰማለሁ። ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ። አርባ ዓመት» አለ።

አሁን የኔ ጥፋት መጣ። «ይህች ሴት ዋሽታሃለች» አልኩት። «የልጅን አባት የደበቀች ሌባ ናት። ዛሬውኑ ጻፍላት። ቁርጡን ጠይቃት። ‹እናቴ› ብለህም እንዳትጀምር!»

ዮሴፍ ወደ መሬት እያየ «መጀመሪያ እንፍታው» አለ።

«ምኑን ነው የምትፈታው? ሰው እኮ ብሎን አይደለም!» አልኩት።

እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበርና እዚያው ተቀምጦ ጻፈ። ያለ «እናቴ»። እኔ በራሴ እጅ ቴምብር ለጠፍኩበት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ያሳደገችው ሴት ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ልቧም ደካማ ነበር። እሷ ከሞተች ማን እንደወለደው የሚያውቅ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም። ይህን ስለሚያውቅ እንቅልፍ አጣ፤ እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጠግናል። የከተማውን ወፍጮ ጠገነ። የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ጠገነ። በመጨረሻ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ጠገነ። ድምፅ ማጉያው ዓመት ሙሉ ተበላሽቶ ሕዝቡ «ስብሰባ መኖሩን አልሰማንም» እያለ በሰላም ይኖር ነበር። በነጋታው ጓድ አስፋው «አልሰማሁም ማለት ከእንግዲህ አይቻልም!» ሲል በቀወት ወረዳ ሁሉ ተሰማ። ሕዝቡ ለአንድ ሳምንት ዮሴፍን ሰላም አላለውም። «ይህ ሰው ደብዳቤው ቶሎ ይምጣለት፤ አለዚያ ሌላም ይጠግንብናል» አለ ሰይድ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ መጣ። ሴትየዋ መጻፍ ስለማትችል የጻፈችላት ልጇ ናት። ዮሴፍ መጋዘኔ ውስጥ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ እየቆመ እየቀጠለ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። እኔ ቋንቋውን አቃናሁት እንጂ ነገሩ እንዲህ ነበር።

«ዮሴፍ፣ ደብዳቤህ ‹እናቴ› ብሎ አይጀምርም። ልክ ነህ፤ አልወለድኩህም። ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ጠበቅኩት። ሳትጠይቀኝ እንዳልሞት እፈራ ነበር፤ ስትጠይቀኝም እንዳላጣህ እፈራ ነበር። አባትህ ሰዓት ሠሪ ነው። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ያበጀልኝ እሱ ነው። አንድ ጠዋት በጋሪ፣ ድንች ሥር ደብቆ አመጣህ። ታናሽ ወንድምህንም ይዞ ነበር፤ እሱ ግን ሕፃን ነው፣ ያለቅሳል። የሚያለቅስ ሕፃን ሊደበቅ አይችልም። ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አላየኋቸውም። ሱሪህን አታውልቅ ያልኩህ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያይህ አንተንም፣ እኔንም፣ ሁለቱን ልጆቼንም ስለሚገድሉን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እውነቱን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስምህን ግን አልቀየርኩም። ዮሴፍ ያንተም ስም ነበር፣ የኛም ነበር። ሰዓቱ እስካሁን ይሠራል።»

ሲጨርስ ወረቀቱን በአራት አጠፈው። እኔ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብሎኖች ማስተካከል ጀመርኩ፤ የተስተካከሉ ነበሩ። እኔም ቤት ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ስለ ሰው ልጅ የእኔን ልጆች ለሞት አጋልጥ ነበር ወይ? ልጆቼ ይህን ያንብቡት፦ አላውቅም። ሌባ ያልኳት ሴት ግን አድርጋዋለች።

በዚያ ሳምንት ለእናኑ የተሸመነውን አዲስ ነጠላ አስፈቅጄ ወሰድኩና ለሴትየዋ ላክሁላት። ደብዳቤም ጨመርኩ። የማውቀው እንግሊዝኛ ያው የፓምፑ ስለሆነ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እመቤቴ፣ ቫልቩን በተሳሳተ አቅጣጫ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኦፕሬተሩ አይደለም። ይቅርታ።» ዮሴፍ አንብቦት እስኪያስለው ሳቀ። የራሱን ደብዳቤ ግን አላሳየኝም። አንዲት የፖላንድኛ ቃል ብቻ ከላይ፣ መሐል ላይና ከታች ተደጋግማ አየሁ። ምን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በዚያው ሰሞን ወደ ቤቴ ሲመጣ ዳዊት እያለቀሰ አገኘው። እኔ እንደ ልማዴ «ዝም በል!» ስል ዮሴፍ እጁን አነሣ፤ ያችኑ የሞተሩን እጅ።

«ይተዉአቸው፣ አቶ ተሰማ» አለኝ። «ያልቅሱ።»

የሁለት ወር ሕፃን አንቱ ሲባል እናኑ በሳቅ ልትሞት ነበር። እኔ ደብዳቤውን ሰምቼ ነበርና አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲያ ልጆቼን በብዙ ነገር ተቆጥቻለሁ፤ በዕንባቸው ግን ተቆጥቼ አላውቅም። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም ነበር።

ዮሴፍ ክበቡ ውስጥ የተናገረው በቀጣዩ ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። ቆርቆሮው አጠገብ፣ ሁለቱም ወገን ሊሰማው የሚችልበት ቦታ ላይ ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ምላጭ ሲመጣ ያልተንቀጠቀጠው እጅ።

«የምናገረው አለ» አለ። «እኔ አይሁዳዊ ነኝ።»

ይህን ቃል በሕይወቱ ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ቃሉን ለቀቀና ልክ እንደዚያ የጉንዳን ቀን ዓይኑን ከፊት ወደ ፊት እያዞረ ጠበቀ። የሚጠብቀውን እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ከኋላ አንድ የቀን ሠራተኛ «ጌታን የሰቀሉት?» ብሎ አጉረመረመ።

እትዬ ዘነቡ ጭልፋዋን ወደሱ አዞረች። «እመቤታችንስ ከማን ወገን ናት? ያንተ አክስት ልጅ ናት? ብላና ተነሣ!»

«የነቢዩ ሙሳ ወገን ነዋ» አለ ሰይድ ከቆርቆሮው ማዶ። «ቱርክ አይደለማ። እሺ።» ትንሽ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

እትዬ ዘነቡ ጭልፋዋን ወገቧ ላይ አድርጋ ዮሴፍን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሱ ከቆየበት አምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን ያሳለፈችው በዚህ ጥያቄ ነው።

«ታዲያ አሁን» አለች፣ «የማንን ሥጋ ነው የሚበሉት?»

ዮሴፍ አፉን ከፈተ። የጠበቀው ሌላ ነበር። በዚያ ቃል ምክንያት ቤተሰቡ ሁሉ አልቋል፤ እሱ አርባ ዓመት ከነሱሪው ታጥቧል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ቃሉ ያስከተለው ጣጣ የድስት ብቻ ሆነ። መሳቅ ጀመረ። ቆርቆሮውን ተደግፎ ሳቀ፤ ቆርቆሮው አብሮት ተንጓጓ። እኛም ምን እንዳሳቀው ሳናውቅ ሳቅን።

«የራሱ ሰው ይረድለታ!» አለ ሰይድ።

«የራሱ ሰው የት አለ?» አለች እትዬ ዘነቡ።

የዮሴፍ ሳቅ ቆመ። «የለም» አለ።

ሁለቱም ወገን እጁን ከገበታው ሰበሰበ። የተናገረው አንድ ቃል ነበር፤ ግን የሰማው ሁሉ ገባው።

«እንግዲያው» አለች እትዬ ዘነቡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሥጋው ይቅርብዎት። ድስት ግን የራስዎ ይኖርዎታል። ሰው እንዴት ያለ ድስት ይኖራል?»

ጓድ አስፋው ተነሥቶ «ጓዶች፣ ሦስተኛ ድስት በዕቅዱ ውስጥ አልተያዘም» አለ። እኔ ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከመጋዘን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ሄጄ ለዘይት መቀበያ ከመጡት ውስጥ አዲሷን ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት ያለ ወረቀት አመጣሁ። መንግሥቱ ወደቀ፣ እርሻውም ፈረሰ፣ ድስቷ ግን አልተመለሰችም። ይህም ጥፋት ነውና ይመዝገብልኝ፤ ብቻ አልጸጸትም። እትዬ ዘነቡ ሽሮውን በሷ ትሠራለት ጀመር። ሽሮው ያው ሽሮ ነው። በሁለቱም ወገን ግን በዚያች ድስት ሌላ ነገር ያበሰለ አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ዮሴፍ አገሩ ገባ። እናቱን በሕይወት አገኛት፤ አንድ ክረምት አብረው ኖሩ። ነጠላውን እየለበሰች ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄድ እንደነበር ጻፈልኝ። የአባቱን ስም ከሞቱት ዝርዝር ውስጥ አገኘው። የሕፃኑን ወንድሙን ስም ግን አላገኘም፤ እናቱም አታውቀውም ነበር። በየዓመቱ በሚጽፍልኝ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በዚያ ጠማማ ፊደሉ «ዳዊት ደህና ናቸው?» ይላል። ዳዊት ጢም ካበቀለ በኋላም።

ሽርጡ የመጣ ቀን ሰይድን አስጠራሁ፤ አርጅቶ በዱላ ነው የሚሄደው። እትዬ ዘነቡም ልጇን ተደግፋ መጣች፤ ድስቷን በነጠላ ጠቅልላ። ክበቡ ሲፈርስ ወደ ቤቷ ወስዳት ነበር። ለሐዘኑም የማን ሰው ይረድ ብለን እንዳንከራከር ንፍሮ ነው የተቀቀለው። ስንዴና ሽምብራ። ድስቷ ትንሽ ስለነበረች ሦስት ጊዜ ተጣደች። ሰይድና እትዬ ዘነቡ ከአንዲት ሳህን እየዘገኑ በሉ።

«ጅራት ነው ብዬ ነበር እኮ» አለ ሰይድ ሽርጡን በእጁ እየዳሰሰ። «አላህ ይማረው።»

ይህን ሁሉ ለዳዊት የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። ትራሱ በማን ጉልበት ላይ እንደነበረ፣ ለምን «ያልቅሱ» እንደተባለ፣ እኔ ምን ብዬ እንዳስጻፍኩ። ስጨርስ ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ወንድ ልጅ በሰው ፊት… ልል አፌን ከፈትኩ። ሰይድ አየኝ፤ እትዬ ዘነቡም አየችኝ።

አፌን ዘጋሁና ተውኩት።